መልሱን በመዳፍ ሸፍኖ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ እንጅባራ ገበያ ውስጥ ወላጅ ሲያገኘኝ «ልጄ ስንት አመጣ?» ነበር የሚለኝ። አሁን ልጁን አስከትሎ ቤቴ ድረስ ይመጣና «እትዬ ዘውዴ፣ ሒሳብ ይሻለዋል ወይስ ኮምፒውተር?» ይለኛል። ልጁን እጠይቃለሁ፣ አባትየው ይመልሳል። ልጁ ጣሪያዬን ሲያይ ይቆያል። እንዲህ ባለ ቀን ባንቺአምላክ ትዝ ትለኛለች። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥሁትም እሷ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ሳልመልስላት በቀረሁት ጥያቄ ምክንያት ነው።

እኔ ራሴ ሒሳብን አልመረጥሁትም። የመምህራን ኮሌጅ ስንገባ ግቢ ውስጥ አሰለፉን። ልቤ አማርኛ ላይ ነበር፤ የአማርኛው ሰልፍ ሞልቷል ተባለና ወደ ሒሳቡ ሰልፍ ገፋ አደረጉኝ። ለጋብቻ እንኳ ሽማግሌ ይላካል፣ ሒሳብን ግን ያጋቡኝ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ትዳሩ ክፉ አልነበረም። ግን ምርጫ የሚባለው ነገር ምን ምን እንደሚል ሳላውቅ ጠጉሬ ሸበተ።

የመጀመሪያው ምድቤ ከዳንግላ ወጣ ያለ ገጠር ነበር። ልጆቹ በአፍ መፍቻቸው በአውኝ ቆጥረው በአማርኛ ይመልሱልኝ ነበር፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ መሀል ላይ ያለውን ስለማልሰማው ግራ ይገባኛል። ስለ ደመወዙ አላወራም፣ ያኔም የሚወራለት አልነበረም። ከዚያ ወደ አዲስ ቅዳም ተዛወርሁ፤ ሒሳብ ማስተማርን የተማርሁት እዚያ ነው።

የሒሳብ ክፍሉን ይመራ የነበረው ጋሽ ታፈረ የሚባል፣ ክረምት ከበጋ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠመኔውን ለሁለት መስበር ነው። ሙሉ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጮኻል፤ የተሰበረ አይጮኽም። ክብ ሲሥል ክርኑን ሰሌዳው ላይ ተክሎ እጁን ያዞራል፣ መስመሩም መነሻው ላይ መጥቶ ይገጥማል። እኔ እስከ ጡረታዬ ስሞክር ኖሬ ክቤ ድንች እንደመሰለ ቀረ። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሳሳት ጋሽ ታፈረ አያጠፋውም። ስህተቱን በሳጥን ከብቦ ጥግ ላይ ይተወውና ወደ ክፍሉ ዞሮ «ይህ ሰው ምን አስቦ ነው?» ይላል። ምን አጠፋ ብሎ አያውቅም። ክፍሉ ሐሳቡን እስኪያገኘው ድረስ ያ ሳጥን ሰሌዳው ላይ ይውላል።

ፈተና ሲያርም ደግሞ ግራ መዳፉን መልሱ ላይ ይጭናል። አሠራሩን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ነጥቡን ይጽፋል፤ መዳፉን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። «መልስ ከጎረቤት ይገለበጣል፣ ዘውዴ» አለኝ አንድ ቀን። «ልጁ ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው።» ወጣት ነበርሁና ሥራ ማብዛት መስሎኝ በልቤ ሳቅሁ። ውሎ አድሮ ግን እኔም መዳፌን መጫን ጀመርሁ፤ የእጄ ጠርዝ በቀይ ቀለም እንደተነከረ ኖርሁ።

ከአዲስ ቅዳም ወደ ዳንግላ ከተማ ተዛውሬ ሳለሁ ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ የእኔ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ሆነ። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ተማሪው ያጨበጭብ ነበር፣ እኔም በልቤ አጨበጭብ ነበር። ጠመኔዬን ለሁለት ሰብሬ እነሣለሁ። የመጨረሻው ምድቤ እንጅባራ መሰናዶ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬም ቆሰበር ነው የሚሏት። ባንቺአምላክን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ባንቺ ከአዲስ ቅዳም ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ይስማው እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ልጅቱ ነጥቧ ጥሩ ነበርና ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አልቆ ለዕረፍት ስትመለስ አባቷ ይዟት ቤቴ መጣ። እኔ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ያስተማሯት እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ስትመለስ ከሁለት አንዱን ምረጪ ብለዋታል፣ ሒሳብ ወይ ኮምፒውተር ሳይንስ። እኔ ኮምፒውተር ይሁን እላለሁ። እሷ ዝም ትላለች።»

«ሒሳብ ምን አደረገዎት?» አልሁት።

«ሒሳብ ተምሮ እንጀራ የበላ ከእርስዎ ሌላ አላውቅማ። እርስዎም ሲወፍሩ አላየሁ።»

ሳቅን። ባንቺ አልሳቀችም። «ሒሳብ እወዳለሁ፣ ቲቸር» አለች። «ግን የዶርም ልጆች፣ ነጥብ እያለሽ ሒሳብ ትሞያለሽ ወይ ብለው ሳቁብኝ። እዚያ ሒሳብ የሚገባው ሌላ ያጣ ነው። ኮምፒውተሩን ደግሞ ገና በደንብ አላየሁትም። ያልቀመሱትን እንዴት ይመርጣሉ?»

ልፈርድ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሒሳብን አውቃለሁ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ምን እንደሆነ ግን ከስሙ በቀር አላውቅም ነበር። ኮምፒውተር ለእኔ የፈተና ወረቀት የሚጻፍበት ዕቃ ነው። የማላውቀውን ነገር ማማት ደግሞ አልወድም። «ጥቂት ቀን ስጡኝ» አልኋቸው። አባትየው የከሰል ወንፈል ሊጀመር ነው ብሎ ልጁን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የከድር ሱቅ ሄድሁ። ከድር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ፎቶኮፒ ያነሣል፣ የሰው ሞባይል ይጠግናል። «የተማርኸውን አሳየኝ» ስለው የቀለድሁ መሰለው። ቆሜ ስቀር ግን የጉርድ ፎቶዎች ከመሳቢያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ በትኖ አስቀመጣቸው።

«ማሽኑ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለኝ። «ከትንሽ ዕድሜ ወደ ትልቅ ያሰልፏቸው። ግን ማሽን ሁሉን ባንዴ አያይም። ሁለት ሁለት ብቻ እያነሡ ያወዳድሩ።»

ሁለት አነሣሁ፣ አወዳደርሁ፣ አስቀመጥሁ። ደግሞ ሁለት። ወዲያው መንገድ እየታየኝ መጣ፤ እንዲህ ባደርግ ያንሳል፣ እንዲያ ባደርግ ይበዛል። ደንበኞች ቆመው ፎቶ የምትደረድር አሮጊት ያያሉ። ስጨርስ ከድር ሁለተኛ ዘዴ አሳየኝ፤ መጀመሪያ ክምሩን ለሁለት ከፍሎ ማሰለፍ፣ ከዚያ ሁለቱን ሰልፎች ማዋሐድ። ድካሙ እጅግ አነሰ። ከልቤ ተደሰትሁ፣ አልደብቅም።

«ከዚህ ባነሰ ማሰለፍ ይቻላል?» አልሁት። «የመጨረሻው ትንሹ ስንት ነው? ሁልጊዜስ?»

ከድር ራሱን አከከ። «ያንን የሚጠይቁት ሒሳቦች ናቸው። እኔ ደንበኛ ቆሞብኛል።»

ይህን ለባንቺ ልነግራት በቅዳሜ ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄድሁ። ከዋናው መንገድ ወርጄ በእግሬ ቤታቸው ስደርስ በረንዳው ላይ የበቆሎ ፍሬ ደርድራ አገኘኋት። እያንዳንዱ ፍሬ ከወንፈሉ አንዱን ቤት ይወክላል። ወንፈላቸው ሰባት ቤት ነበር። አንዱ ቤት እንጨት ሲቆርጥ ሌሎቹ መጥተው ያግዙታል፣ ይከምሩለታል፣ ክምሩን ሣርና አፈር ያለብሱለታል፤ ነገ እሱ በተራው ለሌላው ይሠራል። ክምሩ ከተለኮሰ በኋላ ደግሞ ቀንና ሌሊት ጠባቂ ይፈልጋል። ጭሱን በትንንሽ ቀዳዳ እያወጣ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። አፈሩ ከተሰነጠቀና አየር ከገባ ይነዳል፤ የነደደ ከሰል አመድ ነው።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች የከድርን ነገር ከሰማች በኋላ። «በየዙሩ አንድ ቤት ያርፋል። ስድስቱ ይሠራሉ፣ ሰባተኛው ቁጭ ይላል። ለምንድን ነው?»

አባቷን ጠየቅነው። «እንዲያ ነው የቆየን» አለ። ሌሎቹንም ጠየቅናቸው፤ የሚያውቅ አልነበረም። ባንቺ ፍሬዎቹን ደጋግማ አሰለፈችና ማንም የማያርፍበት ተራ አወጣች። ሰባቱም በየቀኑ ሥራ አላቸው፤ ማንም ሁለት ቦታ አይጠራም። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ የነጋዴው አይሱዙ ሲመጣም የሁሉም ከሰል ደርሶ ይጠብቀዋል። እኔም ተራውን ቤት በቤት ፈትሼ ስህተት አጣሁበት። አቶ ይስማው ለጎረቤቶቹ ሲያስረዳ ደረቱ ተነፍቶ ነበር። ወንፈሉ በአዲሱ ተራ ጀመረ።

ሳምንት ሳይሞላ እማማ ደብሬ አረፉ ተብሎ ተደወለልኝ። እማማ ደብሬ አዲስ ቅዳም ሳስተምር ቤታቸውን ያከራዩኝ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ከወንፈሉ ሰባት ቤት አንዱ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በጠዋት መኪና ሄድሁ። ጡሩንባ ተነፍቶ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ቀብሩ ተፈጽሞ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከፊታችን የሚሄዱት ወንዶች ድንገት መሮጥ ጀመሩ። ከአቶ ይስማው ማሳ በኩል የሚታየው ጭስ አልነበረም፤ ነበልባል ነው።

በዚያ ቀን ክምሮቹን የመጠበቅ ተራ የሐዘንተኛው ቤት ነበር። እናቱ የሞተችበትን ሰው ማን ክምር ጠብቅ ይለዋል? ሌላው ሁሉ ቀብር ነበር። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ አፈር ሲበትን አየሁ። ሲጠፋ ግማሹ ክምር አመድ ሆኗል።

አቶ ይስማው አልጮኸም። አካፋውን ተደግፎ ልጁን አያት። «ሒሳብሽ ለቅሶ አያውቅም» አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ «ኮምፒውተሩን ምረጪ፤ ሒሳቡንስ አየነው» አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ከተመነጠሩት አንዷ እኔ ነበርሁ። ተራውን ፈትሼ ልክ ነው ያልሁት እኔ ነኝና አንገቴን ደፋሁ።

ባንቺ አጠገቤ መጣች። «ኮምፒውተር እሞላለሁ፣ ቲቸር፤ አባዬ እንዳለው» አለችኝ። ይህ አስፈራኝ። ኮምፒውተር መሙላቷ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከድርን ካየሁ በኋላ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ። ግን ልጅቱ የምትሞላው ከአመዱ ለመሸሽ ነበር። በእፍረት የተያዘ ትምህርት ሲከብድ የሚይዘው ነገር የለውም። እንደዚያ ሆነው ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ፣ ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩ ተማሪዎች ነበሩኝ። እሷ እንደ እነሱ እንድትሆን አልፈለግሁም።

እዚያው አደርሁ። በማግስቱ ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ተቃጠለው ክምር ወሰድኋት። አመዱ ገና ሙቀት ነበረው። አባቷ የተረፈውን ከሰል ለብቻ እየለየ ነበር። በእንጨት ስንጥር መሬቱ ላይ ሳጥን ሣልሁና የእሷን ተራ ውስጡ ጻፍሁት።

«አናጠፋውም» አልኋት። «ይህ ሰው ምን አስቦ ነው?»

አጎንብሳ የሳጥኑን ተራ ቤት በቤት አነበበችው። ከዚያ «ሰው ሁሉ ሁልጊዜ ይመጣል ብሎ አስቦ ነው» አለች።

አቶ ይስማው ቀና አለ። ከሰሉን የያዘው እጁ ቆመ። «እማዬ የሞተች ጊዜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ክምራችንን የጠበቁት ከወንፈሉ ቤቶች እነ ጓዴ ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ከቀብር አንድ ሰው አስቀርተው ነበር።» ከሰሉን መሬት አስቀመጠ። «ያን ጊዜ ያረፉት እነሱ ናቸው።»

ባንቺ ዘላ ተነሣች። «ያረፈው ቤት አላረፈም ማለት ነው፣ አባዬ። የሚጠብቀው ለቅሶን ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። አባትየው ስንት ዓመት የኖረበትን ነገር ያን ጠዋት ገና ማየቱ ነበር፤ ልጁም እንደዚያው። ስለ አመዱ የተናገረውን መልሶ አልወሰደውም፣ ግን አጠገቧ ቁጭ አለ። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለጭሱ ሰበብ አደረግሁት።

ቤት ስንገባ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። «ባንቺ፣ ይህ እኮ ይረጋገጣል» አልኋት። «አንድ ቤት ሁልጊዜ ካረፈ፣ ሐዘኑ ወይ የሚያርፈው ቤት ላይ ይወድቃል፣ ወይ ከሚሠሩት አንዱ ላይ። ባረፈው ላይ ከወደቀ ሥራው አልተነካም። በሚሠራው ላይ ከወደቀ ያረፈው ይተካዋል። ሦስተኛ የለም። የትኛውም ቤት ይሁን፣ የትኛውም ቀን፣ አንድ ለቅሶ ወንፈሉን አያፈርሰውም።» የዚህ ዓይነት ነገር ሲገኝ ልቤን ደስ ይለዋል። ከእንግዲህ መሞከር የለም፣ አለቀ፣ ለዘለዓለም ነው።

«አዎ፣ ልክ ነው» አለች ባንቺ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ፈገግ አለችልኝ። ዓይኖቿ ግን ወደ በቆሎ ፍሬዎቿ ተመልሰው ነበር። አዲስ ተራ ደረደረች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጠጠር ወረወረች። ጠጠሩ የነካው ቤት ሐዘን ገባው ማለት ነው። ተራው ሳይፈርስ ቆመ። ሁለት ጠጠር ወረወረች፤ ተራው ፈረሰ። ሲፈርስባት ነው ፊቷ የበራው። «እሺ፣ አሁንስ?» አለች ለራሷ፣ አንዱን ፍሬ ወዲያ አንዱን ወዲህ እያደረገች። «ዝናብ ቢመጣስ? አይሱዙው ቢዘገይስ?» ምሳ ሲቀርብ አልሰማችም።

ቅር አለኝ። አልዋሽም። ያረጋገጥሁላትን ነገር እንደ ስጦታ ሰጥቻት እሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ወደ ጨዋታዋ እንደሄደች ሆነብኝ። ያች ልጅ እንደ እኔ ናት ብዬ አስቤ ነበር። ግን ከድር «ደንበኛ ቆሞብኛል» ያለው ትዝ አለኝና እንደገና አየኋት። እኔ ጥያቄው ሲዘጋ ነው ደስ የሚለኝ። እሷ ደግሞ ያልታሰበ ነገር መጥቶ ያፈረሰውን መልሳ ስታቆም። ሁለቱም ማሰብ ነው፤ ግን አንድ ሰው አይደለንም። ይህን ለማየት ያን ያህል ዘመን ማስተማር አስፈልጎኝ ነበር።

 «የፈለግሽውን ሙዪ፤ አመዱን ግን ምክንያት አታድርጊው» ብቻ አልኋት።

የምትመለስበት ቀን እንጅባራ መናኸሪያ ሄጄ ሸኘኋት። ዩኒቨርሲቲያችን ያኔ ገና ግንባታ ላይ ነበርና ልጆቻችን ሁሉ ወደ ሩቅ ነበር የሚሄዱት። አቶ ይስማው ጆንያዋን ጣሪያ ላይ ካስጫነ በኋላ ወደ እኔ መጣ። «ኮምፒውተር አለች፣ እትዬ። እኔ መጀመሪያም ብዬ ነበር» አለኝ እንደ አሸናፊ እየሣቀ።

ባንቺ ሰምታዋለች። «አባዬ ስላለ አይደለም፣ ቲቸር» አለችኝ ለብቻዬ። «ስላፈርሁም አይደለም። ጠጠሩን ስወረውር ቀኑ ሳላውቀው ይመሽብኛል። ‹ሁልጊዜስ?› የሚለውን ጥያቄ ከእርስዎ ይዤዋለሁ፣ አይጠፋኝም። ከፍቶዎታል?»

«ከፍቶኝ ነበር» አልኋት። «አሁን አልፏል።»

እውነቴን ነው። መልሱ አባቷ ከመጀመሪያው ከሰጠው መልስ ጋር አንድ ነበር፤ በአመዱ ቀን ካለችውም ጋር አንድ ነበር። ጋሽ ታፈረ ቢኖር መዳፉን ጭኖበት ከላይ ያለውን አሠራር ብቻ አንብቦ ሙሉ ነጥብ ይሰጣት ነበር።

ሚኒባሱ ሞላ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሰብስቦ ጨረሰ። ባንቺ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ቲቸር፣ እርስዎን ያኔ ምረጪ ብለውዎት ቢሆን ኖሮ ምን ይሞሉ ነበር?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አማርኛ እላለሁ ብዬ አፌን ከፈትሁ። «ሒሳብ» አልሁ። ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴ ደነገጥሁ። መናኸሪያው መሀል ቆሜ፣ ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩንባውን እየነፋ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተገፍቼ የገባሁበትን ነገር በገዛ አፌ መረጥሁት።

ባንቺ ግን የእኔ ተማሪ ናትና በመልስ አልረካችም። «አሠራሩስ?» አለችኝ እየሳቀች።

ልነግራት ጀመርሁ። በአውኝ ስለሚቆጥሩት ልጆች፣ ስለ ተሰበረው ጠመኔ፣ ስለ ጋሽ ታፈረ መዳፍ፣ ስለ ሳጥኑ፣ መብራት ሲጠፋ ስለሚያጨበጭበው ክፍል። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ ሚኒባሱም ወደ ዳንግላ መንገድ ወጣ። እጇን ስታውለበልብ እኔ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበርሁ።

ይኸው አሁን ጡረታ ወጥቼ ጊዜ አገኘሁ። ባንቺ፣ አሠራሩ ይህ ነው።